በጃፓኖች ሃሎዊን የቆሙት ሦስት ሰዎች

ሽማግሌነት እችላለሁ። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለመመጻደቅም ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ በሰፈራችን ለልጁ ሚስት ሊያጭ ያሰበ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር ጥዬ ጄኔቭ ከገባሁ ወዲህም ሥራው አልቀረልኝም። በሰርቬት ሰፈርና በአካባቢው ሐበሻ ከሐበሻ ሲጋባ፣ ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ ከፊት የሚቆመው ሽማግሌ እኔ ነኝ። አቋቋሙ ራሱ ሙያ ነው። እጅ ከፊት ይጣመራል፤ አንገት ትንሽ ሰበር ይላል፤ ካፖርት አይወልቅም። ተቀመጡ ሲባል አይቀመጥም፣ ቅመሱ ሲባል አይቀመስም። የልጅቷ አባት "ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?" ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ትንፍሽ አይባልም። መልሱ እስኪታወቅም ቁጭ አይባልም።

ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው በገዛ ልጄ ጉዳይ ምን እንደሠራሁ ላውጋችሁ። መሳቅ ትችላላችሁ፤ እኔ ራሴ መሳቅ የቻልኩት ግን ብዙ ቆይቼ ነው።

ማህደር አንድ ልጄ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ በዚህ አገር ዘመድ የምለው እሷን ብቻ ነው። ዙሪክ አጠገብ ባለችው በዲቤንዶርፍ ቤት ተከራይታ፣ ፋርማሲ ውስጥ እየሠራች ትኖራለች። አንድ ቀን ደውላ "አባዬ፣ የምወደው ሰው አለ። ኬንታ ይባላል፤ ጃፓናዊ ነው" አለችኝ። ዝም ብዬ ስለቆየሁ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት "ሃሎ? ሃሎ?" አለች። ከጃፓን ጋር ጠብ የለኝም። አዲስ አበባ የነበረችኝ መኪና የእነሱ ሥራ ነበረች፤ አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም። ግን መኪና መግዛትና ልጅ መስጠት አንድ አይደለም።

"ሽማግሌ ይላክ" አልኳት።

"አባዬ፣ ኬንታ እኮ እዚህ አገር ዘመድ የለውም። ከየት ያመጣል?"

"ሽማግሌ ካጣ ሚስትም ያጣል።"

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ስትደውል ትምህርት ነበር የምሰጣት። ሽማግሌ ሦስት ነው። ዕድሜው የገፋ፣ የተከበረ ሰው ይሁን። እነሱ ሲመጡ ልጅቷ ጓዳ ትገባለች፤ ልጁ በዚያ ደጃፍ አይታይም። እሷ "እሺ" ትላለች፣ እኔ እቀጥላለሁ። አንድ እሑድ ግን "እሺ" ማለቷን ትታ ድምጿ ተለወጠ። "አባዬ፣ አንተን አስቀይሜ አላገባም። ኬንታንም አልተወውም። ስለዚህ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። እስከ መቼ እንደምችል ግን አላውቅም" ብላ ስልኩን ዘጋችው።  ቃሌን ግን አላጠፍኩም። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ግትር ስባል በሆዴ ደስ ይለኛል።

በጥቅምት እንደገና ደወለች። አሁን ድምጿ ቀለል ብሏል።

"ጥቅምት ሃያ አንድ እሑድ ነው። እኔ ጋ ና፣ አባዬ። የኬንታ ጓደኞች እኔ ቤት ሃሎዊን ያከብራሉ።"

"የሰይጣን በዓል ላይ ነው አባትሽን የምትጠሪው?"

"ና ብቻ። የጃፓኖቹ እንደ ሌላው አይደለም።"

እንደ ሌላው አይደለም ማለቷ ይበልጥ አስፈራኝ። ጋሽ በላቸውን ላማክር ሄድኩ። ጋሽ በላቸው ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ የሰርቬት ሐበሻ ሁሉ የሃይማኖት አማካሪ ናቸው።

"ሃያ አንድ? በማርያም ዕለት!" አሉና አማተቡ። "ፈረንጁ ዱባ ጠርቦ ሻማ እያበራበት ይኸው ዓለም እንዲህ ሆነች። ጃፓኑ ደግሞ የረቀቀ ሕዝብ ነው። ሰይጣኑን ራሱን አሻሽሎት ይሆናል።"

"ታዲያ ልቅር፣ ጋሼ?"

"ትቀር? ልጅህን ለማን ጥለህ! ሂድ። ብቻ ይህን ያዝ" ብለው በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ሰጡኝ።

በባቡር ከሎዛን ጀምሮ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ወጣት ደም የተረጨበት ቬሎ ለብሳ፣ ጉንጯ ላይ ስፌት ስላ፣ ሳንድዊች ትበላለች። ጠርሙሴን ጨበጥኩ። ሰይጣንም ብትሆን ሰው ሲበላ ዝም አይባልም ብዬ ግን "ቦናፔቲ" አልኳት። ከልቧ አመሰገነችኝ። ዙሪክ ላይ ኤስ-ባን የሚሉትን የከተማ ባቡር ቀይሬ ዲቤንዶርፍ እስክደርስ ድረስ የማስበው ኬንታና ጓደኞቹ ምን ሆነው እንደሚጠብቁኝ ነበር።

በሩን የከፈተልኝ ኬንታ ነው። ቀንድ የለው፣ ያገጠጠ ጥርስ የለው። ተራ ጃኬት ለብሷል። "እንደምን ዋሉ" ብሎ እስከ ወገቡ ጎንበስ አለና፣ ቀና ሲል ኪሱን ዳበሰ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ መለስ ሊል አለና ተወው። ልጁ ጤና የለውም እንዴ ብዬ አሰብኩ።

በር ላይ የእንግዶቹ ጫማ ተደርድሯል። እንደኛ ቤት አንዱ በሌላው ላይ ወጥቶ አይደለም። ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ አፍንጫው ወደ መውጫው ዞሮ፣ ባለቤቱ ሲወጣ እግሩን ብቻ እንዲያስገባ ተዘጋጅቷል። እያየሁ ተደነቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። የግራ ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ይህን ከጄኔቭ ስነሳም አውቃለሁ፤ ጫማ ውስጥ ማን ያየዋል ብዬ ነው። ቀኙን አወለቅሁ። ግራውን ይዤ ቆምኩ። እንግዶቹ አንድ በአንድ ወደ በሩ መጥተው ከበቡኝ። ሌላ አማራጭ ስላልነበረኝ አወለቅሁና አውራ ጣቴን ወደ ውስጥ ለማጠፍ ሞከርኩ። አልታጠፍ አለ፤ ይልቁንም ሙሉ በሙሉ ወጣ። ቀኙን እግሬን በላዩ ጫን አድርጌ ሸፈንኩትና ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ።

ሁሉም እግሬን በጥሞና አዩት። ከዚያ ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት እንባዋን እየጠረገች እጅ ነሳችኝ።

የተሰደቡ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ፤ የተጨበጨበላቸው ግን ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም። ዝም ብዬ ገባሁ። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ጎልማሳ የተቀደደ የወረቀት ከረጢት አቅፎ ቆሟል፤ ድንቹ ምንጣፉ ላይ ተበትኗል። አንጀቴን በላው። ተንበርክኬ ድንቹን ለቃቅሜ አቀፍኩለት። አጎንብሶ አመሰገነኝና አንድ በአንድ መልሶ እዚያው መሬቱ ላይ አስቀመጠው። እንደገና ለቀምኩለት። እንደገና አመሰገነኝ፣ እንደገና በተነው። መስኮቱ አጠገብ ደግሞ አንዲት ልጅ እጇን ግማሽ አንስታ ፈገግ ብላ ታየኛለች። ሰላምታ ነው ብዬ እጄን አነሳሁላት። እጇን አላወረደችም። እኔ ደግሞ ከሴት ቀድሜ እጄን አላወርድም። እንዲሁ ተያይተን ቆየን።

ማህደር ከወጥ ቤት ወጥታ ሁለታችንንም አየችና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ክንዴን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ።

"አባዬ፣ እሷ አንተን አይደለም ሰላም የምትለው። እሷ ማለት፣ እንዴት ልበልህ... ሰው ከሩቅ እጁን ሲያነሳ ለእሷ መስሏት መልሳ፣ ከዚያ ለካ ከኋላዋ ላለው ሰው ነው። ያቺን ሴት ነው የሆነችው። ሃሎዊኗ እሱ ነው።"

"ባለ ድንቹስ?"

"ቅዳሜ ሱቅ ሊዘጋ ሲል ገዝቶ፣ መንገድ ላይ ከረጢቱ የተቀደደበት ሰው። ገናው፣ ልክ እሱን ነው የሆነው! እንዲህ ያለ ሰው አይተህ አታውቅም?"

ከዚያ አስረዳችኝ። ጃፓን ውስጥ ሃሎዊን ሲመጣ ወጣቱ ጭራቅ ሆኖ መንፈስ ሆኖ ጎዳናውን ይሞላዋል አሉ። ጭራቅ ለመሆን የሚያፍሩ፣ ዓይናፋር የሆኑ፣ ዕድሜአቸው ትንሽ ገፋ ያለ ሰዎች ደግሞ የራሳቸውን መንገድ አገኙ። በየቀኑ የምናየውን፣ ግን ልብ የማንለውን ሰው ይሆናሉ። ነገሩ ትንሽ መሆን አለበት፤ በጣም ትንሽ። ያየው ሁሉ "አዎ፣ እንዲህ ያለ ሰው አለ!" ካለ በዓሉ ሠመረ ማለት ነው።

"ታዲያ እኔ በር ላይ..."

"ካልሲው በተቀደደበት ቀን ጫማ አውልቅ የተባለ ሰው! እስካሁን ምርጡ አንተ ነህ፣ አባዬ። ከጄኔቭ አስበህበት የመጣህ መስሏቸዋል።"

እውነቱን ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? ዝም አልኩ። ክብር በራሷ ፈቃድ ስትመጣ ማን ይመልሳታል።

አሁን ቤቱን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው እነዚህ! ኬንታ ኪሱን የሚዳብሰው ለካ ከቤት ወጥቶ ምድጃውን ያጥፋ አያጥፋ ትዝ የማይለውን ሰው ሆኖ ነው። አንዱ ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ፣ ወንበር ጫፍ ላይ ሆኖ፣ ከእረፍቱ ላይ ደቂቃ እየቆጠበ ሾርባ የሚበላ የቢሮ ሠራተኛ ሆኗል። ባልና ሚስት ደግሞ፣ እሱ ሜትር እሷ እርሳስ ይዘው፣ ግማሽ እርምጃ ተራርቀው፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ እያዩ ቆመዋል። "የቤት ዕቃ ሊገዙ ወጥተው ሱቅ ውስጥ የተጣሉ!" አልኩ ማንም ሳይነግረኝ። ልክ ነበርኩ። እኔና ባለቤቴም ስንት ጊዜ እንዲህ ቆመናል። የሴትየዋን የተቆጣ ትከሻ ሳይ የባለቤቴን ትከሻ ያየሁ መሰለኝ። ሞታ እንኳ በእነዚህ ሰዎች ዓይን ውስጥ ቦታ አላት ብዬ አሰብኩ። ትራም ላይ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ፊቴን ሳያየኝ ዓመታት ባለፉበት አገር፣ ሰውን እስከ ትከሻው ድረስ የሚያዩ ሰዎች አገኘሁ። ጋሽ በላቸው ጠበሉን ለማን እንደላኩት እኔ እንጃ፤ ከኮቴ ኪስ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! ከእንግዳ ወደ እንግዳ እየዞርኩ መገመት ሆነ ሥራዬ። እነሱ ጀርመንኛና ጃፓንኛ፣ እኔ ፈረንሳይኛና አማርኛ፤ አንድም የሚገጥም ነገር የለንም፤ ግን በእጅና በዓይን ተግባባን። ስገምት ይጨበጨባል፣ ስስት ይበልጥ ይጨበጨባል። ማህደር ለየሰው አንድ አንድ መንደሪን አድላለች፤ ከሁሉ የበለጠው ሰው እግር ሥር እናስቀምጣለን። እኔ የማንንም ትወና አቅልዬ ማየት ስላልቻልኩ መንደሪኔን ይዤ እዞራለሁ።

ከሰዓት በኋላው ሲገፋ ማህደር ሰዓቷን ደጋግማ ማየት ጀመረች። እንግዶቹም ለመሄድ ተነሱ። አነሳሳቸውም ያስደንቃል። አንዱ ሳህን አጠበ፣ አንዱ አደረቀ፣ ባለ ድንቹ ድንቹን ሰበሰበ፣ ባለ ክራቫቱ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ፍርፋሪ ለቀመ። የየራሳቸውን ቆሻሻ በየራሳቸው ትንሽ ከረጢት ቋጥረው ያዙ። የእኛ ድግስ ሲያልቅ ባለቤቱ ሦስት ቀን እንደሚተኛ ሳስበው አፈርኩ። ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ደረሱ።

ታዲያ እንግዳ እንዲህ በቀላሉ ይለቀቃል? ልጄ ቤት? እኔ እያለሁ? "የት ትሄዳላችሁ! በሞቴ፣ ቁጭ በሉ!" ብዬ በሩን ያዝኩ።

"አባዬ፣ ቢተ፣ እባክህ ልቀቃቸው" አለች ማህደር በጭንቀት። "የሚመጡ ሰዎች አሉ።"

"ይምጡ! ሰው በሰው ይደምቃል!"

ጃፓኖቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሽማግሌ ሰው በር ይዞ ሲለምን እምቢ ማለት በእነሱም ዘንድ ነውር ነው መሰለኝ ካፖርታቸውን አወለቁ። ድንቹ ተመልሶ ምንጣፉ ላይ ተበተነ። ልጅቷ መስኮቱ አጠገብ ሄዳ እጇን አነሳች። በዚህ መሀል ደወሉ ጮኸ።

ማህደር ክው አለች። እኔን አየችኝ፣ በሩን አየች፣ መኝታ ቤት ገብታ ዘጋችው። ኬንታ ሰዎቹን ካስገባ በኋላ ጫማውን በጥድፊያ አድርጎ ደረጃውን ወርዶ ሄደ። "አያችሁት! ምድጃውን ሊያይ ሄደ!" ብዬ አጨበጨብኩ። ሁሉም አጨበጨቡ።

የገቡት ሦስት ናቸው። አንደኛው ፀጉሩ የሸበተ፣ ቀጭን ጃፓናዊ ሲሆን ቀኝ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ሁለተኛው ከእሱ ያነሰ ባለ መነጽር ጃፓናዊ ነው። ሦስተኛው ክራቫቱ አንገቱን ያነቀው፣ ፊቱ የቀላ፣ ግዙፍ የአገሩ ሰው ነው። ሦስቱም ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ከበሩ ገባ ብለው ተሰለፉ። እጃቸውን ከፊት አጣመሩ። አንገታቸውን ትንሽ ሰበር አደረጉ። ትንፍሽ አላሉም።

እናንተ አሁን ገብቷችኋል። እኔ አልገባኝም። ሙሉ ቀን ሲገምት የዋለ ዓይን ሰውን በሰውነቱ ማየት ይረሳል።

"አውቶብስ የሚጠብቁ ሰዎች!" አልኩ በፈረንሳይኛም በአማርኛም፤ የመንገዱንም አቅጣጫ በእጄ አሳየሁ። "የዘገየ አውቶብስ! እሑድ ከሰዓት!" እንግዶቹ ገባቸው። "ኦ..." አሉ ተያይዘው። ሽማግሌው ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም።

ወንበር አምጥቼ አቀረብኩለት። ወንበሩን በጉጉት አየው፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀና ባለበት ቆመ። ድንቅ ነው! "በሞቴ" አልኩት። እጅ ነሳ እንጂ አልተቀመጠም። ማህደር የሠራችውን የምስር ሳምቡሳ በሳህን አቀረብኩ። ማንቁርቱ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁት፣ እጁ ግን አልተፈታም። ግዙፉ ሰውዬ አንድ ሊያነሳ እጁን ሲሰነዝር ባለ መነጽሩ በክርኑ ጎሸም አደረገው፤ ሰውዬው እጁን መልሶ ወደ ጣሪያው አየ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ ያለ ትወና የትም አላየሁም ብዬ ባለ ክራቫቱን ትከሻውን መታሁት። ያን ሁሉ ሰዓት ይዤው የዞርኩትን መንደሪን ወስጄ ሽማግሌው እግር ሥር በክብር አስቀመጥኩ። ሌሎቹም ተከተሉኝ። አንድ፣ ሁለት እያለ መንደሪኑ እግሩ ሥር ተከመረ።

ሽማግሌው መንደሪኑን አየ፣ እኔን አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ጥያቄ ነበረ። እኔ አውራ ጣቴን አነሳሁለት።

ቆሙ፣ ቆሙ፣ አሁንም ቆሙ። ቆይቶ የሽማግሌው ቀኝ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግንባሩ ላብ አወጣ፣ ከንፈሩ ነጣ። "እዩልኝ!" አልኩ። "ጉልበቱን እዩልኝ! ይህ ሁሉ ለበዓል ነው!" በአድናቆት እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው። እጄን አንስቼ እንደገና ማጨብጨብ ስጀምር የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ።

ማህደር ናት። ዓይኗ ቀልቷል።

"በቃ፣ አባዬ። እምቢ ካልክ እምቢ በላቸው። ሰው አቁመህ ታስጨበጭብባቸዋለህ?"

"ማንን ነው ያቆምኩት?"

"የኬንታ አባት ናቸው! አቶ ኢሺዳ። ለዚህ ብለው ነው ከቶኪዮ የመጡት። ጉልበታቸው ታሟል፣ ሐኪም አይቁሙ ብሏቸዋል። አንተ በየእሑዱ የነገርከኝን ነው ያደረጉት፤ አትቀመጡ አልክ አልተቀመጡም፤ አትቅመሱ አልክ አልቀመሱም። አባትየው ሳይጠይቅ አይናገሩም አልክ፤ ይኸው አንተን ይጠብቃሉ። እኔ ጓዳ ግቢ አልከኝ፣ ገባሁ። ኬንታ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሏል።" ድምጿ ተሰበረ። "ሽማግሌ ከአንተ በላይ ማን ያውቃል ብዬ ነው እኮ። ገና ስታያቸው ታውቃቸዋለህ ብዬ።"

 እጆቼ እንደተነሱ ቀሩ። ቀስ ብዬ ዞሬ አየኋቸው። የተጣመረው እጅ፣ የተሰበረው አንገት፣ ያልወለቀው ካፖርት። እኔ ስንቱ ሳሎን ውስጥ የቆምኩት አቋቋም፣ አንድ ሳይጎድል፣ ፊቴ ቆሟል። እኔ ደግሞ አጨብጭቤበታለሁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰውን እስከ ትከሻው ድረስ ያያሉ ብዬ ጃፓኖቹን ሳደንቅ የዋልኩት እኔ፣ የራሴን ወግ ከነካፖርቱ ቆሞ ሳየው አላወቅሁትም።

ማህደር ስለ ቀሩት ሁለቱም ነገረችኝ። ባለ መነጽሩ ዙሪክ ውስጥ ጃፓንኛ የሚያስተምር ነው። ግዙፉ ሰውዬ ሄር ፍሬይ፣ አቶ ፍሬይ እንደማለት፣ ነው፤ ከታች ፎቅ የሚኖር፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ተራ ከማህደር ጋር ሲጨቃጨቅ የኖረ ጎረቤት። ኬንታ ሦስተኛ ሽማግሌ አጥቶ በሩን ሲያንኳኳ ጉዳዩን ሰምቶ፣ ለእንዲህ ያለ ነገርማ ክራቫት አደርጋለሁ ብሎ መጣ። ምግብ አይነካም ስለተባለም ምሳ ሳይበላ ነው የመጣው፤ ምክንያቱን ማንም አልተረዳለትም።

ኮቴን አስተካከልኩ። ካልሲዬን ለመሸፈንም አልሞከርኩም። ሽማግሌው ፊት ቆሜ፣ በሕይወቴ ስንቴ ሲጠየቅ የሰማሁትን፣ ራሴ ጠይቄ የማላውቀውን ጥያቄ ጠየቅሁ።

"ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?"

አቶ ኢሺዳ በረጅሙ ተነፈሰ። ወረቀት አላወጣም። እያንዳንዱን ቃል ከሩቅ እንደተሸከመው ዕቃ በጥንቃቄ አስቀመጠው።

"እንደምን ዋሉ። ስሜ ኢሺዳ ነው። ልጄ፣ ልጅዎን ይወዳል። ልጅዎን፣ ለልጄ ይስጡኝ። እንደ ልጄ አያታለሁ። እስኪመልሱልኝ፣ አልቀመጥም።"

 ባለ ክራቫቱ እንኳ ክራቫቱን ከትከሻው አወረደው።

በእኛ ወግ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። "ከዘመድ ተማክረን እናስታውቃችኋለን" ይባልና ቀጠሮ ይሰጣል፤ ሽማግሌውም ይመላለሳል። ይህን መልስ ለዚህ ቀን ብዬ አዘጋጅቼ ነበር፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ላመላልሳቸው ነበር። "ከዘመድ..." ብዬ ጀመርኩ። ጀመርኩና ዘመዴን አየሁ። ዘመዴ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ በእጇ አፏን ይዛ ታለቅሳለች። ሌላ የማማክረው ሰው የለኝም። ተያየን። ምክሩ አለቀ።

"ሰጥቻለሁ" አልኩ።

ማህደር አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ከዚያ ባዶ እግሯን ወደ ደረጃው ሮጠች። "ኬንታ!" የሚለው ድምጿ በደረጃው ሁሉ አስተጋባ። እሑድ ቀን እንዲህ መጮህ በሄር ፍሬይ ሕግ ትልቅ ወንጀል ነው፤ ሄር ፍሬይ ግን መሐረቡን አውጥቶ ይናፈጣል።

እሷ ስትሮጥ አስተርጓሚ የሚሆን ሰው ጠፋ። አቶ ኢሺዳ ያጠናት አማርኛ አልቃለች፤ የእኔን ቃል አልተረዳም። ልጅቷ ለምን እያለቀሰች ወጣች? ተፈቀደ ወይስ ተከለከለ? ፊቱ ላይ ይህን ሁሉ አየሁት። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ያን ወንበር አነሳሁ። አጠገቡ አስቀመጥኩትና በሁለት እጄ ክንዱን ያዝኩ። ወንበሩን አየው። ፊቴን አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ፤ ሲስቅ ከዋለው ፊቴ ውስጥ ሌላውን እየፈለገ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ክንዱ እጄ ውስጥ ሲላላ ተሰማኝ፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ። ሄር ፍሬይም ምንም ሳይጠይቅ ሌላ ወንበር ስቦ የሳምቡሳውን ሳህን ጭኑ ላይ አደረገ።

እኔ መሬቱ ላይ አቶ ኢሺዳ እግር ሥር ተንበርክኬ ከተከመረው መንደሪን አንዱን አነሳሁ። ላጥኩት። አንዷን ፍሬ ለይቼ ወደ አፉ አስጠጋሁ። ይህን ማንም አላስጠናውም። ጣቴን አየ፣ መንደሪኑን አየ፣ ቤት ሙሉ ሰው እያየው እንደሆነም አየ። ጆሮው ቀላ።

ከዚያ አፉን ከፈተ።